ትንፍሽ ማለት፦ በሆድ የታመቀን ስሜት በትንፋሽ የማውጫ መመሪያ

«ትንፍሽ እንዳትል!» ሳይባል ያደገ ሰው በመካከላችን ይኖር ይሆን? እንግዳ ሲቀመጥ፣ አባት ሲቆጣ፣ የቤት ገመና ሲነሳ ልጅ ትንፍሽ አይልም። አማርኛ ዝምታን ከትንፋሽ ጋር ማሰሩ ያለ ነገር አይደለም። ሊናገር ያሰበውን የዋጠ ሰው ትንፋሹንም አብሮ ይውጣል፤ ትከሻው ወደ ጆሮው ይጠጋል፣ ሆዱ ይወጠራል፣ አየሩ ደረቱ ጫፍ ላይ ይቀራል። ለአንድ ቀን ቢሆን ባልከፋ። ለዓመታት ሲደጋገም ግን ሰውነት ይለምደውና፣ ምንም የሚያስፈራ ነገር በሌለበት ሌሊት እንኳ ሰውየው አልጋው ላይ ተጋድሞ እንደ ተደበቀ ልጅ በአጭር በአጭሩ ይተነፍሳል።

ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን የታመቀ ነገር ቀስ በቀስ የሚያስተነፍስ ልምምድ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ የልምምዱ ጉልበት ያለው በማስገባቱ ሳይሆን በማስወጣቱ ላይ ነው። «በጥልቀት አየር ሳብ» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። የተጨነቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አየር አልጎደለበትም፤ ያስገባውን ነው ያልለቀቀው።

ትንፋሽ ከስሜት ጋር ምን አገናኘው?

ልብዎን «ቀስ በል» ብለው ሊያዙት አይችሉም፤ ጨጓራዎንም እንዲሁ። ትንፋሽ ግን ሁለት ጌታ አለው። ስንተኛ ሳናውቀው በራሱ ይሄዳል፤ ስንፈልግ ደግሞ እናዘዋለን። በዚህ ምክንያት ከፈቃዳችን ውጭ ወደሚሠራው የሰውነት ክፍል ለመግባት ከእርሱ የቀለለ በር የለንም።

ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው አሁኑኑ መሞከር ይችላል። በሁለት ጣትዎ የእጅ አንጓዎ ላይ የደም ትርታዎን ያግኙ። በዝግታ አየር ሲያስገቡ ትርታው ጠጋ ጠጋ ይላል፤ በዝግታ ሲያስወጡ ይራራቃል። በወጣቶች ላይ ጎልቶ ይሰማል፤ ዕድሜ ሲገፋ ይደበዝዛል። ይህን የሚያደርገው ከአንጎል ግንድ ተነስቶ በአንገት በኩል ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባና ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። ስናስወጣ በልብ ላይ ልጓሙን ሳብ ያደርጋል፤ ስናስገባ ያላላል። ማስወጫውን ያረዘመ ሰው ልጓሙን ይዞ ይቆያል ማለት ነው።

በአንጎል ግንድ ውስጥ የትንፋሽን ምት የሚመታ ጥቂት ሺህ ሴሎች ያሉበት ሥፍራ አለ፤ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የስታንፎርድና የካሊፎርኒያ ሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእነዚህ ሴሎች ጥቂቶቹ ንቃትንና ድንጋጤን ወደሚቀሰቅሰው የአንጎል ክፍል መልእክት እንደሚያደርሱ በአይጦች ላይ አሳዩ። እነዚያ ጥቂቶቹ ሲወገዱ አይጦቹ መተንፈሱን ሳያቆሙ ረጋ ያሉ ሆኑ። አይጥ ሰው አይደለም፤ ሆኖም ሲጨንቀን ለምን ቁና ቁና እንደምንተነፍስ፣ ቁና ቁና ስንተነፍስም ለምን እንደሚጨንቀን ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል።

ማን ይጠንቀቅ?

ከዚህ በታች የምገልጸው የዝግታ ትንፋሽ ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም። ትንፋሽን ይዞ መቆየትና በፍጥነት መተንፈስ ግን ሌላ ነገር ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም፣ ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት ወይም ግላኮማ የተባለው የዓይን ሕመም ያለበት፣ ስትሮክ የመታው፣ ለባይፖላር ወይም ከእውነታ ለሚያለያይ የአእምሮ ሕመም የሚታከም ሰው ከሁለቱም ይራቅ። አስም ያለበት ሰው የሚነፋ መድኃኒቱን አጠገቡ ያድርግ። መኪና እየነዱ አይለማመዱ። ውኃ ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ! አየር እንድንስብ የሚያስገድደን በዋናነት የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የተቃጠለው አየር መብዛት ነው። በፍጥነት ተንፍሶ የተቃጠለውን አየር ጠርጎ ካስወጣ በኋላ የሚጠልቅ ዋናተኛ «አየር አነሰህ» የሚለው ደወል ሳይደወልለት ራሱን ይስታል።

መነሻዎን ይቁጠሩ

ማስታወሻ ደብተር ያዘጋጁ። ከምግብ ወይም ከመንገድ በኋላ ሳይሆን አሥር ደቂቃ አርፈው ከተቀመጡ በኋላ በስልክዎ አንድ ደቂቃ ይሙሉና ስንት ጊዜ እንዳስወጡ ይቁጠሩ። ያረፈ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ችግሩ ትንፋሽ እንደታየ ሲያውቅ ጠባዩን ማሳመሩ ነው፤ ልክ ካሜራ እንዳየ ሰው። ስለዚህ ቢቻል ቴሌቪዥን ሲመለከቱ የቤት ሰው ሳይነግርዎት ይቁጠርልዎት። ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ይጻፉት። ጥሩ ወይም መጥፎ ውጤት የለውም።

ከጅዳ ወይም ከዱባይ ለዕረፍት አዲስ አበባ የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የቆጠረውን አይመነው። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያረፈ ሳንባ ለጥቂት ቀናት መቸኮሉ አይቀርም፤ ከጭንቀት ጋር ግንኙነት የለውም።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ግማሽ ኪሎ ምስር

በጀርባዎ ይተኙ። ጉልበትዎን አጥፈው እግርዎን ወለሉ ላይ ያሳርፉ። ቀበቶ፣ መቀነት፣ ጠባብ ሱሪ ካለ ይላላ። ግማሽ ኪሎ ምስር በላስቲክ እንደታሰረ ከእምብርትዎ ከፍ አድርገው ሆድዎ ላይ ያስቀምጡ። ምስሩ የሚከብድ ሆኖ አይደለም፤ ሆድዎ የት እንዳለ ያስታውስዎታል።

አሁን በአፍንጫዎ አየር ሲያስገቡ ምስሩ ወደ ላይ ይነሳ፤ ሲያስወጡ ይውረድ። ደረትዎ ቢቻል ጸጥ ይበል። በሳንባና በሆድ ዕቃ መካከል እንደ ጎጆ ጣራ የተደፋ ድያፍራም የሚባል ጡንቻ አለ፤ ሲሠራ ወደ ታች ይረግጥና የሆድ ዕቃውን ስለሚገፋ ሆድ ይነፋል። ሆድን በጡንቻ ኃይል ወደ ውጭ መግፋት ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ማስመሰል ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱና ማታ ከመተኛትዎ በፊት አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

እናቴን ያስተማርኳት በዚህ ነው። ዕድሜ ልኳን መቀነቷን አጥብቃ የኖረች ሴት ናት፤ ሆዷ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ደረቷ ብቻ ብድግ ቁጭ ይላል።

«እማዬ፣ በአፍንጫሽ ሳቢና ምስሩን አንሺው።»

«መተንፈስማ ያስተማረኝ የፈጠረኝ ነው፤ አንተ ምን ልትጨምርበት ነው?»

አለችና በራሷ ቀልድ ሳቀች። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ምስሩ ዘለለ። «አየሽ? የሳቅሽበት ቦታ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሆዳቸውን ማግኘት ለሚቸግራቸው ሰዎች ሁሉ የምሰጠው ምክር ይኸው ነው፤ ምስሩን ሆድዎ ላይ አድርገው የሚያስቅዎትን ነገር ያስታውሱ። ሳቅና ሳል ድያፍራሙን ያሳዩዎታል።

ሁለተኛው ሳምንት፦ አራት አስገባ፣ ስድስት አስወጣ

ተቀምጠው ይሞክሩት። ወንበር ከሆነ እግርዎ መሬት ይርገጥ፣ ጀርባዎ ቀጥ ይበል። በአፍንጫዎ አራት እስኪቆጥሩ ያስገቡ፤ ስድስት እስኪቆጥሩ ያስወጡ። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ሰከንድ ያህል ነው። አንዱ ዙር አሥር ሰከንድ ስለሚሆን በደቂቃ ስድስት ጊዜ ተነፈሱ ማለት ነው። አምስት ደቂቃ ጀምረው ወደ አሥር ያሳድጉት።

ማስወጫው እንዴት ይሁን? ከሰል ያቀጣጠለ ሰው ያውቀዋል። ፍሙ እንዲቀላ «እፍ» ሲሉ በኃይል ከነፉ አመዱ ተበትኖ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ካሳነሱ ፍሙ ይዳፈናል። ፍሙን አቅልቶ አመዱን የማይበትን አንድ ልክ አለ፤ ቀጭን፣ እኩል፣ እስከ መጨረሻው የማይቆራረጥ። ያ ነው የሚፈለገው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከንፈርዎን አሞጥሙጠው በአፍ ያስወጡ፤ ሲለምዱት በአፍንጫ ያድርጉት።

ሁለት ስህተቶች በዚህ ላይ ይበዛሉ። አንደኛው ጢም አድርጎ መሙላት ነው። እንስራው እስከ አፉ አይሞላ፤ ከሦስት ሁለት እጁ ይበቃል፤ ዝግታው ነው ዋናው። ሁለተኛው ስድስት ካልደረስኩ ብሎ መታገል። አየር ካጠረዎት ሦስት አስገብተው አራት ያስወጡ፤ ማንም ውጤት አይሰጥዎትም። እየታገሉ የሚያስወጡት ትንፋሽ ሰውነትዎን ያስደነግጠዋል እንጂ አያረጋጋውም።

መቁጠር የሚሰለቸው ሰው በቃል ይተካው። በጣሊያን የፓቪያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት 23 ጤነኛ ሰዎች በላቲን የሚባለውን የማርያም ጸሎትና ማንትራ የተባለውን የዮጋ ተደጋጋሚ ቃል ሲደጋግሙ ትንፋሻቸው ሳያስቡት በደቂቃ ወደ ስድስት ዝቅ ብሎ፣ የልብና የደም ግፊት ምታቸው አብሮ ተቀናጅቶ ተገኝቷል። እኛ ዘንድ ደግሞ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን 41 ጊዜ ማድረስ ያደገበት ሰው ብዙ ነው። በሩጫ ካደረሱት ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በአንድ ትንፋሽ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በማስወጫው ላይ ከተባለ ግን ሰባት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሙስሊም የሆነ ሰው ከሶላት በኋላ የሚለውን 33 «ሱብሐነላህ» በዚሁ ልክ ቢል አምስት ደቂቃ ተኩል ይሆናል። ጸሎቱን ወደ ስፖርት ላውርደው ማለቴ አይደለም፤ ቀድሞ በእጅ ያለውን መለኪያ ለማሳየት ነው እንጂ።

አራት አስገብቶ፣ አራት ይዞ፣ አራት አስወጥቶ፣ አራት ባዶ የሚቆየው «የሳጥን ትንፋሽ»ም አለ፤ ወታደሮች ይወዱታል። ከፈተና ወይም ከስብሰባ በፊት ሐሳብ ለመሰብሰብ ይረዳል። ስሜት ለማውጣት ግን አልመርጠውም፤ ሲያዝ የኖረን ሰው እንደገና «ያዝ» ማለት ይሆንብኛል።

ድርብ እፎይታ

አልቅሶ የጨረሰ ሕፃን አይተው ያውቃሉ? እናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ፣ እንባው ደርቆ፣ ድንገት አየሩን ሁለት ጊዜ ስብር ስብር አድርጎ ይስብና ረጅም ትንፋሽ ይለቃል። ሳግ የምንለው ነው። ማንም አላስተማረውም። አዋቂም ቢሆን ሳያውቀው በየአምስት ደቂቃው ገደማ አንድ ጊዜ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ በሳንባ ውስጥ የተጣበቁ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች በዚያ ይከፈታሉ።

ይህንን ሆን ብሎ ማድረግ ይቻላል። በአፍንጫ ያስገቡ፤ ሞላ ሲል ሳያስወጡ በላዩ ላይ አንዲት አጭር ሳብ ይጨምሩ፤ ከዚያ በአፍ በረጅሙ «እፎይ» ብለው ይልቀቁ። ለቁጣ ወይም ለድንጋጤ ሦስት ጊዜ ይበቃል። እንደ ዕለታዊ ልምምድ ደግሞ አምስት ደቂቃ። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ሰዎችን ለአንድ ወር በቀን አምስት ደቂቃ ይህንን፣ የሳጥን ትንፋሽን፣ ፈጣን ትንፋሽን ወይም የተመስጦ ልምምድን አስደርጎ አወዳድሯል። ጭንቀት በአራቱም ወገን ቀነሰ። የበጎ ስሜት መጨመርና የትንፋሽ ፍጥነት መቀነስ ግን በዚህኛው ወገን ጎልቶ ታየ። ሁሉንም ነገር ለሁሉም ሰው የሚያስተካክል ተአምር አልተገኘም፤ አምስት ደቂቃ ላወጣ ሰው ግን ትርፉ መጥፎ አይደለም።

የማውጫው ቀን

እዚህ የሚደረሰው ከሁለት ሳምንት ዕለታዊ ልምምድ በኋላ ነው። መመለሻውን ሳያውቅ የሚገባ ሰው ይጠፋል፤ የመመለሻው መንገድ አራት-ስድስቱ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ።

ማንም የማይገባበት ክፍል ይምረጡ። ስልክዎን ያጥፉ። በልተው ከሆነ ሁለት ሰዓት ይቆዩ። ጋቢ፣ ውኃና መሐረብ አጠገብዎ ይሁን። ለቤት ሰው «ግማሽ ሰዓት አትፈልጉኝ፤ ድምፅ ብትሰሙም አትደንግጡ» ይበሉ። ይህች የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች። በእኛ ቤት ግን አንድ ሰው ብቻውን ሲያለቅስ ከተሰማ ጎረቤት ሳይቀር «ምን ሆነ?» ብሎ ይመጣል፤ አንድ ጆሮ በሩ ላይ ካለ ደግሞ ሰውነት አይለቅም።

መጀመሪያ አምስት ደቂቃ አራት-ስድስት። ቀጥሎ ያስቸገረዎትን ነገር ያስቡ፤ ነገር ግን ታሪኩን አይተርኩ። «እንዲህ አለኝ፣ እንዲህ ልለው ይገባ ነበር» ውስጥ ከገቡ ክርክር ጀመሩ ማለት ነው፤ ክርክር ደግሞ ትንፋሽን ወደ ላይ ይሰቅላል። ከታሪኩ ይልቅ ቦታውን ይፈልጉ። አማርኛ በዚህ ሀብታም ነው፦ ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ ጉሮሮዬን ተናነቀኝ፣ ደረቴን አፈነኝ፣ አንጀቴ ተላወሰ። የትኛው ነው? በልብዎ ስሙን ይጥሩት፣ እጅዎንም እዚያ ላይ ያሳርፉ። ትንፋሽዎን ወደ እጅዎ እንደሚልኩ አድርገው ያስገቡ።

አሁን ማስወጫው ላይ ድምፅ ይጨምሩ። «እህህ» ሊሆን ይችላል፣ አፍ ዘግቶ ማንጎራጎር ሊሆን ይችላል። ዜማ አይፈልግም፤ አንድ ወፍራም ድምፅ ትንፋሹ እስኪያልቅ። ድምፅ ማስወጫውን በራሱ ያረዝመዋል፤ አንገትና ደረት ላይ የሚሰማው ንዝረትም የተጨበጠውን ያላላዋል። ስዊድናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳዩት ማንጎራጎር ከአፍንጫ የሚወጣውን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ በዝምታ ከማስወጣት ጋር ሲነጻጸር 15 እጥፍ ያደርሰዋል። ጋዙ የደም ሥሮችን የሚያሰፋ ነው። እህል ሲፈጩ የሚያንጎራጉሩ እናቶች፣ ለቅሶ ቤት ግጥም እያወረዱ ሰውን የሚያስለቅሱ ሙሾ አውራጆች ይህን ሁሉ አልለኩም። ሙሾ ግን ምንድን ነው? አንዲት ሴት ረጅም ስንኝ አውጥታ ታወርዳለች፤ ለቀስተኛው በረጅሙ ተቀብሎ ያስወጣል። እየተጠራሩ የሚያስወጡት ትንፋሽ ነው።

ከአሥር ደቂቃ ገደማ በኋላ የሚሆነው ከሰው ሰው ይለያያል። ተደጋጋሚ ማዛጋት፣ የጭን ወይም የአገጭ መንቀጥቀጥ፣ ሙቀት፣ እንባ። አንዳንዴ ሳቅ። ሲቃ ሲመጣ የለመድነው ነገር መዋጥ ነው፤ «የወንድ ልጅ እንባው ወደ ሆዱ ነው» እየተባለ ያደገ ወንድ በተለይ መንጋጋውን ይነክሳል። መንጋጋውን ያላሉ፣ አፍዎን ይክፈቱ፣ በመውጫው ትንፋሽ ላይ ይልቀቁት። አይጥሩት፣ አይግፉት፣ አይዋጡት። ምንም ካልመጣም ምንም የተበላሸ ነገር የለም። እኔ ራሴ አራት ሳምንት ሙሉ ያዛጋሁት ብቻ ነው። በአምስተኛው፣ ያልቀበርኩትን የወንድሜን ለቅሶ አለቀስኩት።

ከአቅም በላይ ከሆነ፣ ማለትም ልብ ሲደልቅ፣ ክፍሉ የራቀ ሲመስል፣ ያለፈ ነገር ዛሬ እየሆነ ያለ ያህል ሲታይ፣ ወዲያው ያቁሙ። ዓይንዎን ይክፈቱ። በሁለቱም እግርዎ ወለሉን ይጫኑ። የሚያዩአቸውን አምስት ነገሮች ድምፅ አውጥተው ይጥሩ፦ መጋረጃ፣ ጀበና፣ ጫማ... ፊትዎን በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠቡ። ትንፋሽዎን አይከታተሉት፤ በራሱ ይሂድ። ከጦርነት፣ ከስደት መንገድ ወይም ከጥቃት የተረፈ ሰው ከመጀመሪያውም ዓይኑን ገልጦ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ከተቻለም የሚያምነው ሰው ባለበት ቢያደርገው እመክራለሁ። ሁኔታው ከተደጋገመ ወይም እንቅልፍ ካሳጣው ትንፋሹን ትቶ ባለሙያ ያማክር፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው አማኑኤል ሆስፒታል አለ፣ በየክልሉም የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች አሉ።

ሲጨርሱ ጋቢዎን ለብሰው አምስት ደቂቃ ይጋደሙ። ውኃ ይጠጡ። ደብተርዎ ላይ አንድ መስመር ይጻፉ፤ «ጉሮሮ፣ እንባ፣ ቀለለኝ» ይበቃል። ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ለማንም ደውለው የልብዎን አይንገሩ፣ የትዳር ወይም የሥራ ውሳኔም አይወስኑ። የተከፈተ ሰው ለጋስ ነው፤ ማታ የሚጸጸትበትን ቃል ይገባል።

ድምፅ ማሰማት የማይቻልበትም ሕይወት አለ። በባሕረ ሰላጤ አገር በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ዘመዴ ብቻዋን የምትሆነው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ቧንቧውን ትከፍታለች፣ ፎጣ አጥፋ አፏ ላይ ታደርጋለች፣ በፎጣው ውስጥ «እፍ» እያለች ለአምስት ደቂቃ ታስወጣለች። ፎጣው ድምፁን ይይዛል፤ ትንፋሹን ደግሞ ያዘገየዋል። ከእርሷ ከሰማሁ በኋላ እኔም ግድግዳቸው ስስ በሆኑ ቤቶች ለሚኖሩ ሰዎች እነግራለሁ።

ስለ ፈጣኑ መንገድ

ሙዚቃ ተከፍቶ፣ ሰው ፍራሽ ላይ ተጋድሞ፣ ለረጅም ሰዓት ቁና ቁና እየተነፈሰ «የሚፈነዳበት» ዝግጅት አለ። ምንጩ ሩቅ ነው። ፕራግ የተወለደው የሥነ አእምሮ ሐኪም ስታኒስላቭ ግሮፍ ኤልኤስዲ ከተባለው ቅዠት የሚያሳይ ዕፅ ጋር ይሠራ ነበር፤ ዕፁ ከታገደ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከባለቤቱ ከክርስቲና ጋር ሆሎትሮፒክ የተባለውን የትንፋሽ ዘዴ አበጀ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቅርንጫፍ አውጥቷል።

እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ አዳራሽ ገብቻለሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከንፈሬ ደነዘዘ፤ ከዚያ ጣቶቼ እንደ ወፍ ምንቃር ተሰብስበው አልፈታም አሉ። አጠገቤ ያለው ሰው ይጮሃል። አሠልጣኙ ጎንበስ ብሎ «ለዓመታት የያዝከው ሕመም ነው፤ እየወጣ ነው» አለኝ። አመንኩት፤ አለቀስኩም። በኋላ ነርስ የሆነች እህቴን ብነግራት እንደ ልጅ ተቆጣችኝ። በፍጥነት ሲተነፍሱ የተቃጠለው አየር ከልክ በላይ ይወጣል፤ ደም የአሲድ ተቃራኒ ወደሆነው አልካሊነት ያዘነብላል፤ ነርቮችን የሚገዛው ነፃ ካልሲየም ይቀንስና ጣት ይኮማተራል። የአንጎል ደም ሥሮች ስለሚጠብቡም ጭንቅላት ይቀልላል፣ ነገሩ ሁሉ ሕልም ይመስላል። ኦክስጅኑ አልጨመረልኝም፤ ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ቀድሞም ሞልቶ ነበር። እንባዬ እውነተኛ ነበር። የተኮማተረው ጣቴ ግን ሕመም እየወጣ መሆኑን አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው የደሜን ኬሚስትሪ ነው።

ዘዴው ዋጋ የለውም አልልም፤ የጠቀማቸውን አውቃለሁ። ነገር ግን አስቀድሞ ስለ ጤናዎ የማይጠይቅ፣ ካለቀሱ በኋላ ማን እንደሚይዝዎት የማይናገር፣ መውጫ በሩን የማያሳይ አሠልጣኝ ካጋጠመዎ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ። በልምምድ መካከል ጣትዎ ቢደነዝዝ ወይም ቢኮማተር ፍጥነቱን ይቀንሱ፣ በአፍንጫ ብቻ ይተንፍሱ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታል። ደረት ውስጥ የሚጨምቅ ሕመም ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ ግን ስለ ስሜት መጨነቁን ትተው ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ከወር በኋላ

በ30ኛው ቀን ደብተሩን አውጥተው መጀመሪያ እንዳደረጉት ይቁጠሩ፤ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወንበር፣ ቢቻል በዚያው ቆጣሪ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ መጀመሪያ መቀነቱንና ቀበቶውን ይመልከቱ፣ ቀጥሎ ትከሻውን፤ ከዚያ የምስሩን ሳምንት ይድገሙ።

እናቴን ስቆጥራት መነሻዋ 19 ነበር። በወሩ መጨረሻ ከጀርባዋ ቆሜ ዜና ስታይ ቆጠርኩ፤ 14። ደስ ብሎኝ ነገርኳት።

«ታዲያ ይህ ቁጥር ምን ይሠራል?» አለችና ምስሩን አንስታ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ማታ በላነው።